ላብ ሪፖርት እንዴት ይጻፋል? በድሬ የቧንቧ ውኃ እንሞክረው

ድሬዳዋ ላይ ውኃ በ100 ዲግሪ አይፈላም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች 96 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መንተክተክ ይጀምራል። ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ስለሆነች ደግሞ 94 ገደማ ላይ ይፈላል። ይህን የማያውቅ የሳይንስ ተማሪ የለም። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት እንደሚቀንስ፣ ግፊቱ ሲቀንስ የመፍያ ነጥቡ እንደሚወርድ ፈተና ላይ ጥርት አድርጎ ይጽፋል። ላብ ሪፖርቱ ላይ ግን “ውኃው በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ፈላ” ብሎት ቁጭ። ቴርሞሜትሩ 96 እያሳየው!

ለምን? መጽሐፉ 100 ስላለ። አስተማሪው የሚፈልገው 100 ስለመሰለው። ሪፖርቶች በብዛት ማርክ የሚያጡት እዚህ ላይ ነው። ሰንጠረዡም ቅርጹም የሚማሩት ነገር ነው። ያዩትን ትቶ ያነበቡትን መጻፍ ግን ሪፖርቱን ከሥሩ ያበላሸዋል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ስታነቡ ይህቺን አትርሱ፦ ያያችሁትን ጻፉ።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ሙከራ ይዘን እንሂድ። የቧንቧ ውኃ ሃርድነስ፣ ማለትም ውኃው ውስጥ የሟሟው የካልሲየምና የማግኒዚየም መጠን። የድሬ ሰው የሻይ ማንቆርቆሪያውን ክዳን ከፍቶ ቢያይ ነጭ ቅርፊት ነው የሚያገኘው። ከተማዋ የምትጠቀመው የከርሰ ምድር ውኃ ነው። በዙሪያዋ ያለው ደግሞ የሲሚንቶ ፋብሪካዎቹ የሚፈልጉት የኖራ ድንጋይ ነው። ዝናቡ በዚያ ድንጋይ መሃል ሲሰርግ ካልሲየምና ማግኒዚየም እያሟሟ ይወርዳል። ሳሙናው አላረፋ ብሎ እናቶቻችንን የሚያማርረው ይኸው ነው። ላብ ውስጥ መጠኑን በኢዲቲኤ ቲትሬሽን እንለካዋለን፦ ኢዲቲኤ የሚባለውን ካልሲየምና ማግኒዚየም የሚይዝ ኬሚካል ከቡሬት (ከሥሩ መክፈቻ ካለው፣ መጠን ከተጻፈበት የመስታወት ቱቦ) የናሙናው ቀለም እስኪቀየር እየጨመርን ስንት እንደፈጀ እናነባለን። ከታች የምጠቀምባቸው ቁጥሮች ለማሳያ የወሰድኳቸው ናቸው። የድሬ ውኃ ይህን ያህል ነው ብሎ ማንም እንዳይጠቅሳቸው፣ አደራ።

1. ከላቡ በፊት ባለው ማታ

ማኑዋሉን አንብቡ። አውቃለሁ፣ ሁሉም ሰው ይህን ይላል፣ ማንም አያነብም። ቢያንስ ሦስት ነገር አውጡበት፦ ምን ልንለካ ነው? በምን? ቁጥሩ በግምት ስንት ይሆናል? ሦስተኛዋን አትዝለሏት። ግምት የሌለው ሰው ቡሬቱ ከመጠን በላይ ሲወርድበት እንኳ ነገሩ አይገባውም።

ከዚያ ባዶ ሰንጠረዥ ሥሩ። ለዚህ ሙከራ አምስት ዓምድ ይበቃል፦ የሙከራ ቁጥር፣ የቡሬት መነሻ ንባብ፣ የቡሬት መጨረሻ ንባብ፣ ልዩነት፣ አስተያየት። አራት ረድፍ ይኑረው። የአስተያየቷን ዓምድ ሰፋ አድርጓት፤ ዋጋዋ በኋላ ይገባችኋል።

ናሙናውን ከቤት አምጡ ከተባላችሁ ባዶ ሃይላንድ ያዙ። በዚያው በምትቀዱት ውኃ ሁለት ሦስቴ አለቅልቁት። ቧንቧውን ከፍታችሁ ትንሽ ከፈሰሰ በኋላ ቅዱ። ከቧንቧው በቀጥታ ነው ወይስ ከሮቶ? ይህን ጻፉ፤ ልዩነት አለው። ሮቶ ውስጥ የቆየና ፀሐይ ሲመታው የዋለ ውኃ ካልሲየሙን በከፊል ግድግዳው ላይ ሊጥለው ይችላል። ሰፈሩንም ጻፉ፣ ከዚራ ይሁን ሳቢያን።

ሰዓቱን ስትጽፉ ተጠንቀቁ። “2:30” ብላችሁ ብትጽፉ ጠዋት ነው ከሰዓት? በእኛ አቆጣጠር የጠዋት ነው፤ በእንግሊዝኛ በተጻፈ ሪፖርት ላይ ግን አንባቢው የከሰዓት አድርጎ ይወስደዋል። ቀኑም እንዲሁ። የትኛውን የዘመን አቆጣጠር እንደተጠቀማችሁ ይታወቅ፤ በአንድ ሪፖርት ውስጥም ሁለቱን አትቀላቅሉ። ቀላል ነገር ይመስላል። ግን በአንድ ግሩፕ ውስጥ ግማሹ በኢትዮጵያ፣ ግማሹ በፈረንጅ ሰዓት ጽፎ፣ ናሙናው ከመቀዳቱ በፊት የተለካ የሚመስል ሪፖርት አጋጥሞኛል።

2. ላብ ውስጥ

በእስክሪብቶ ጻፉ። በደብተር ላይ። በብጣሽ ወረቀት፣ በመዳፍ፣ በጋውን እጅጌ ላይ አይሆንም። ከተሳሳታችሁ አንድ መስመር ሰርዙበትና አጠገቡ ትክክለኛውን ጻፉ። የተሰረዘው መነበብ አለበት፤ አንዳንዴ ትክክሉ እሱ ሆኖ ይገኛል። ስልክ አውጥቶ ፎቶ ማንሳት ጥሩ ነው፤ ደብተሩን ግን አይተካም።

የቡሬት ንባብ ላይ ትንሽ ልቆይ። ባለ 50 ሚሊ ሊትሩ ቡሬት መስመሮቹ በ0.1 ሚሊ ሊትር የተከፋፈሉ ናቸው። እናንተ ግን ከነጥብ በኋላ እስከ ሁለት አሃዝ ታነባላችሁ፤ የመጨረሻዋን አሃዝ በዓይን ትገምታላችሁ። ስለዚህ 18.4 ብሎ የጻፈ ተማሪ ንባቡን አልጨረሰም። 18.40 ነው? ወይስ 18.45? ዜሮም ላይ ስትጀምሩ 0.00 ብላችሁ ጻፉ። ዓይናችሁ ከፈሳሹ እኩል ይሁን፤ ከላይ ወደ ታች ካያችሁት ሌላ ቁጥር ነው የምታነቡት። ፈሳሹ ጎድጎድ ብሎ ከሚታየው ሥር አንብቡ። ከኋላው ነጭ ወረቀት ብትይዙ ጥርት ይላል።

ከመጀመራችሁ በፊት የቡሬቱን ጫፍ እዩ፣ ከመክፈቻው በታች አረፋ አለ? ካለ ፈሳሹን ትንሽ ለቃችሁ አስወጡት። አረፋው በቲትሬሽኑ መሃል ከወጣ ያልተጨመረ ኢዲቲኤ እንደተጨመረ ሆኖ ይነበባል። በኋላ ዲስከሽን (ውጤቱ የሚተነተንበት ክፍል) ላይ ስንደርስ ይህቺን አረፋ እንመለስባታለን።

50 ሚሊ ሊትር ናሙና፣ ፒኤቹን 10 ላይ የሚይዝ ባፈር፣ ትንሽ ኤሪዮክሮም ብላክ ቲ (ቀለም የሚቀይረው ኢንዲኬተር)። ቀለሙ የወይን ጠጅ ቀይ ይሆናል። ኢዲቲኤውን ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ስትጨምሩ ወደ ሰማያዊ ይዞራል። በመሃል ግን ወይን ጠጅም ሰማያዊም ያልሆነ ሐምራዊ ነገር አለ፤ እዚያ ላይ ነው ግሩፑ የሚጣላው። አንዱ “በቃ ደርሷል” ይላል። ሌላዋ “አቦ ገና ነው፣ ቀይ አለበት እኮ!” ትላለች። ክርክሩን አትፍሩት፣ ጻፉት። አስተያየት ዓምድ ላይ፦ “18.35 ላይ ሐምራዊ፣ 18.45 ላይ ጥርት ያለ ሰማያዊ።” ይህች መስመር ከግማሽ ገጽ ቲዎሪ ትበልጣለች። ባፈሩን ከጨመራችሁ በኋላ ደግሞ አትንቀራፈፉ፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ጨርሱ። ሃርድነሱ ከፍ ያለ ውኃ በዚያ ፒኤች ብዙ ከቆመ ካልሲየሙ መዝቀጥ ይጀምራል።

አምስት ስድስት ሆናችሁ በአንድ ቡሬት የምትሠሩ ከሆነ አንዱ ያንብብ፣ አንዱ ይጻፍ፣ ሁሉም ግን የራሱን ቅጂ ይዞ ይውጣ። ማን እንዳነበበ ጻፉ። በየሙከራው አንባቢ የሚቀያየር ከሆነ ልዩነቱ ከውኃው ሳይሆን ከዓይን ሊመጣ ይችላልና።

ከመውጣታችሁ በፊት የምትገለብጧቸው ነገሮች፦ የኢዲቲኤው ጠርሙስ ላይ ያለው ኮንሰንትሬሽንና የተዘጋጀበት ቀን፣ የፒፔቱ (ናሙናውን የለካችሁበት ቱቦ) መጠን፣ የክፍሉ ሙቀት። የክፍሉን ሙቀት ቴርሞሜትር አይታችሁ ጻፉ። “25 ዲግሪ” ብሎ መጽሐፍ ላይ የሰፈረው ለድሬ ግንቦት አልተጻፈም።

3. በዚያው ቀን ስሌቱን ጨርሱ

ዛሬ ስትሠሩት የጎደለው ይታወቃል፤ ነገ ሄዳችሁ ጠርሙሱን ማየት ትችላላችሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጠርሙሱም የለም፣ ማስታወሻውም አይገባችሁም።

እንበልና ንባባችሁ ይህ ሆነ። የመጀመሪያው ለግምት የተሠራው 19.60 ሚሊ ሊትር፤ ቀጥሎ 18.40፣ 18.50 እና 18.45። የመጀመሪያው አልፎ ሄዷል፣ ተቻኩላችሁ ነበር። አማካዩ ውስጥ አታስገቡት፤ ከሰንጠረዡ ላይ ግን አታጥፉት። “ለግምት የተሠራ፣ በአማካዩ አልተካተተም” ብላችሁ ተዉት። የሦስቱ አማካይ 18.45 ሚሊ ሊትር ነው።

ስሌቱን አንዴ በሙሉ አሳዩ። ሃርድነስ በካልሲየም ካርቦኔት ሲገለጽ፦

18.45 × 0.0100 × 100.09 × 1000 ÷ 50.0 = 369 ሚሊ ግራም በሊትር

18.45 የኢዲቲኤው መጠን በሚሊ ሊትር፣ 0.0100 ሞላሪቲው (የኢዲቲኤው ኮንሰንትሬሽን በሞል በሊትር)፣ 100.09 የካልሲየም ካርቦኔት ሞላር ማስ፣ 50.0 የናሙናው መጠን ነው። ካልኩሌተሩ 369.3321 ይላል። ይህን እንዳለ አትጻፉት! የኢዲቲኤው ኮንሰንትሬሽን ሦስት ጉልህ አሃዝ ብቻ ነው ያለው፤ መልሳችሁም ከዚያ በላይ ማወቅ አይችልም። 369 በቃ። አራት አሃዝ ከነጥብ በኋላ የደረደረ ሪፖርት የሚያሳየው ጥንቃቄን ሳይሆን ካልኩሌተርን ነው።

4. የአጻጻፉ ቅደም ተከተል

ሪፖርቱ የሚነበበው ከርዕስ እስከ ማጣቀሻ ነው። የሚጻፈው ግን እንደዚያ መሆን የለበትም። ከመግቢያ የጀመረ ተማሪ ሁለት ገጽ ስለ ውኃ ጥቅም ጽፎ “ውኃ ሕይወት ነው” ላይ ሲደርስ ይደክመዋል፤ ከዚያ ዲስከሽኑን በሦስት መስመር ይዘጋዋል። ከውጤት ጀምሩ። ቀጥሎ አሠራር፣ ቀጥሎ ዲስከሽን፣ ከዚያ መግቢያ፣ ማጠቃለያ። አብስትራክት ከተጠየቀ ከሁሉም በኋላ።

ውጤት። ሰንጠረዡ ቁጥርና ርዕስ ይኑረው፣ ከላይ። አሃዱ በዓምዱ ራስ ላይ አንዴ ይጻፍ፣ በየረድፉ አይደጋገም። ግራፍ ካለ ርዕሱ ከሥሩ ይሆናል፤ ሁለቱም ዘንግ ስምና አሃድ ይኑረው፤ ነጥቦቹን እንደ ጥልፍ በክር አታያይዟቸው፣ በመሃላቸው የሚያልፍ መስመር አስምሩ። እዚህ ክፍል ላይ ማብራሪያ የለም። ያገኛችሁትን አስቀምጣችሁ እለፉ።

አሠራር። ማኑዋሉ የሚያዝዘው በትእዛዝ ነው፤ “ጨምሩ፣ በጥብጡ።” እናንተ የምትጽፉት ያለፈ ነገር ነው፤ ተጨመረ፣ ተበጠበጠ። ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚጻፍ ብዙ ዲፓርትመንት ይህንኑ ተገብሮ ግስ ይመርጣል፤ የእናንተው የሚለውን ጠይቁ። ከሁሉ በላይ የሠራችሁትን ጻፉ። ማኑዋሉ 50 ሚሊ ሊትር ይላል፤ ናሙናው አንሶባችሁ 25 ተጠቅማችሁ ከሆነ 25 ነው የሚጻፈው። ስሌታችሁ በ25 እያካፈለ አሠራራችሁ 50 ካለ የሚያርመው ሰው ወዲያው ነው የሚነቃው።

5. ዲስከሽን

ጥሩውና መናኛው ሪፖርት የሚለዩት እዚህ ነው። አብዛኛው ተማሪ የሚጽፈው ይህን ነው፦ “ውጤቱ ከትክክለኛው ትንሽ ይለያል። ምክንያቱ የሰው ስህተትና የመሣሪያ ስህተት ነው።” ይህ ዓረፍተ ነገር በየትኛውም ሙከራ፣ በየትኛውም አገር፣ ላቡ ያልገባ ሰው ሊጽፈው ይችላል። ስለዚህ ምንም አልተባለም።

መጀመሪያ ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ተናገሩ። በተለመደው አመዳደብ በሊትር ከ180 ሚሊ ግራም በላይ የሆነ ውኃ “በጣም ሃርድ” ይባላል። 369 የዚህ እጥፍ ነው። እንግዲህ ማንቆርቆሪያውን ጥሩት፣ የኖራ ድንጋዩን ጥሩት። ውኃው ሲፈላ ባይካርቦኔቱ ይፈርስና ካልሲየም ካርቦኔት ሆኖ ይቀመጣል፤ ነጩ ቅርፊት እሱ ነው። የፈላ ውኃም አብራችሁ ለክታችሁ ከሆነ ሁለቱን አወዳድሩ። ልዩነቱ በማፍላት የሚሄደው ሃርድነስ ነው፤ የቀረው ማፍላት የማይነካው።

ቀጥሎ ስህተት። እያንዳንዷን የስህተት ምንጭ ስትጠሩ ሁለት ነገር መልሱ፦ ውጤቱን ወደ ላይ ነው የሚገፋው ወደ ታች? ስንት ያህል?

አረፋዋን እንውሰድ። በመሃል ከወጣች ንባቡ ይጨምራል፣ ሃርድነሱም ከእውነተኛው በላይ ይወጣል። ቡሬቱን በዲስቲልድ ውኃ ብቻ አለቅልቃችሁ በኢዲቲኤ ካላለቀለቃችሁት ኢዲቲኤው ይቀጥናል፤ ብዙ ይፈጃል፤ ውጤቱ አሁንም ወደ ላይ። ፒፔቱን በናሙናው ሳታለቀልቁ ብትጠቀሙበት ናሙናው ራሱ ይቀጥናል፤ ውጤቱ ወደ ታች። ፍላስኩን በናሙናው ብታለቀልቁት ደግሞ ከ50 በላይ ናሙና ገባ ማለት ነው፤ ወደ ላይ። ፒኤቹ ከ12 ካለፈ ማግኒዚየሙ ስለሚዘቅጥ የምትለኩት ካልሲየሙን ብቻ ይሆናል፤ ወደ ታች። አያችሁ? “የመሣሪያ ስህተት” ከማለት አንዷን መርጦ እስከ መጨረሻው መከተል ይሻላል።

አሁን ደግሞ የድሬ ተማሪ የምትወዳት ምክንያት፦ ሙቀቱ። ውጤት በተበላሸ ቁጥር “በከፍተኛ ሙቀት ምክንያት” ይባላል። እስቲ እናስላው። የመስታወት ዕቃዎቹ ልኬት የተወሰደው በ20 ዲግሪ ነው። ኢዲቲኤውም በ20 ዲግሪ ተዘጋጅቶ እናንተ በ32 ዲግሪ ተጠቀማችሁበት እንበል። ውኃ በዚህ መሃል የሚሰፋው 0.3 በመቶ ገደማ ነው። የ369 0.3 በመቶ 1 ሚሊ ግራም ገደማ። አንድ! በሌላ በኩል የቀለሙን ለውጥ በሁለት ጠብታ ብታሳልፉ 0.1 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ በስሌቱ ስታስገቡት 2 ሚሊ ግራም በሊትር ይመጣል። ሁለት ጠብታ ከድሬ ፀሐይ በለጠች ማለት ነው። ይህን በሦስት መስመር የጻፈ ተማሪ ሙቀቱን ጥፋተኛ አድርጎ ገጽ ከሞላው ተማሪ ጋር አይወዳደርም።

ሙቀቱ ዋና ተዋናይ የሚሆንባቸው ሙከራዎች አሉ፤ የሪአክሽን ፍጥነት፣ የጋዝ መጠን፣ የመሟሟት መጠን። እዚያ ላይ የክፍሉን ሙቀት አለመጻፍ ሪፖርቱን ዋጋ ያሳጣዋል። እዚህ ግን አይደለም። የትኛው የት እንደሚከብድ መለየት ነው ዲስከሽን።

ውጤታችሁ ከጎረቤት ግሩፕ ጋር ባይገጥም አትደንግጡ፣ ቁጥሩንም አትንኩ። ናሙናቸው ከሮቶ ነው? የእናንተ ከቧንቧ? ጠይቁና ጻፉ። የራሳችሁ ሦስቱ ንባቦች በ0.10 ሚሊ ሊትር ውስጥ ናቸው፤ ይህ እርስ በርስ እንደሚስማሙ ያሳያል። ትክክል ናቸው ማለት ግን አይደለም፤ ኢዲቲኤው ያረጀ ቢሆን ሦስቱም አንድ ላይ ሊስቱ ይችላሉ። ሁለቱን ለያይቶ መጻፍ የቻለ ተማሪ ነገሩ ገብቶታል።

6. መግቢያና ማጠቃለያ

መግቢያው ከግማሽ ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል። ሃርድነስ ምንድነው፣ ኢዲቲኤ ከካልሲየምና ከማግኒዚየም ጋር አንድ ለአንድ እንደሚያያዝ፣ ኢንዲኬተሩ ለምን ቀለም እንደሚቀይር፣ ዓላማችሁ ምን እንደሆነ። የውኃን ጥቅም ለሌላ ቀን አቆዩት።

ማጠቃለያው ዓላማውን ይመልስ። ዓላማው “የቧንቧ ውኃ ጠቅላላ ሃርድነስ መለካት” ከሆነ ማጠቃለያው ቁጥሩን ይናገር፦ 369 ሚሊ ግራም በሊትር፣ በጣም ሃርድ ከሚባለው ክልል። “ከዚህ ሙከራ ብዙ ትምህርት አግኝተናል” የሚለውን ሰርዙት።

ማጣቀሻ ላይ የከፈታችሁትን ብቻ አስገቡ። ማኑዋሉም ማጣቀሻ ነው።

7. ኩረጃን በተመለከተ

ከሲኒየር የተወረሰ ሪፖርት በየዶርሙ ይዞራል። ቅርጹን ለማየት ከሆነ እዩት፣ ክፋት የለውም። ቁጥሩን ከወሰዳችሁ ግን ትያዛላችሁ፤ የዘንድሮው ኢዲቲኤ ኮንሰንትሬሽን ከአምናው እምብዛም አይገጥምም። ቻትጂፒቲም እንግሊዝኛችሁን ሊያቃናላችሁ ይችል ይሆናል፣ ዲፓርትመንታችሁ ከፈቀደ። ቡሬታችሁን ግን አላየም። “ሐምራዊ ሆኖ ቆየ” የሚለውን ከእናንተ በቀር ማንም አያውቅም።

የግሩፕ ዳታ አንድ ይሆናል፤ ጽሑፉ ግን የየራስ ይሁን።

8. ከማስረከብ በፊት

አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ጨርሱና ሌላ ግሩፕ ውስጥ ያለ ጓደኛ ያንብበው። “ይህን ብቻ ይዘህ ሙከራውን መድገም ትችላለህ?” በሉት። የሚጠይቃችሁ ጥያቄ ሁሉ ከአሠራሩ የጎደለ ነገር ነው። ገጾቹን ቁጥር ስጡ። ስም፣ መለያ ቁጥር፣ የግሩፕ ቁጥር፣ ሙከራው የተሠራበትና ሪፖርቱ የገባበት ቀን ለየብቻ ይታዩ።

ለማተም የመጨረሻዋን ጠዋት አትጠብቁ። መብራት ይሄዳል፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ፊት ሴክሽኑ በሙሉ ተሰልፏል፣ ፍላሹ ደግሞ ቫይረስ ይዞ ይመጣል። ፋይሉን በፒዲኤፍ አድርጋችሁ በቴሌግራም ለራሳችሁ ላኩት፤ የሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ሰንጠረዡ አይፈርስም።